ፒሲኤል ፋይበር ላይ የፖሊዶፓሚን ሽፋን፦ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ነጭ እየቀረ ነው

ጣና_ፋይበር (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ለአጥንት ማገገሚያ የሚሆን ስካፎልድ (ሴል የሚያድግበት ድጋፍ) በኤሌክትሮስፒኒንግ፣ ማለትም ፕላስቲክን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ቀጭን ክር በመፍተል፣ እየሠራን ነው። ሐሳቡ ፋይበሩን መጀመሪያ በፖሊዶፓሚን (ዶፓሚን ኦክሲዳይዝ ሆኖ በሚሠራው ጥቁር አጣባቂ ሽፋን) መሸፈን፣ ቀጥሎ በሰው ሠራሽ የሰውነት ፈሳሽ (ኤስቢኤፍ) ነክሮ አጥንት መሰል ማዕድን ማስያዝ ነው። አሠራሩን ሳልሸሽግ ልዘርዝር፦

ፒሲኤሉ (ፖሊካፕሮላክቶን የተባለው ፕላስቲክ) 80,000 ሞለኪዩላዊ ክብደት ያለው፣ 12%፣ በክሎሮፎርምና ሜታኖል (3 ለ 1) የሟሟ። 15 ኪሎቮልት፣ ከመርፌ እስከ መሰብሰቢያ 15 ሴንቲሜትር፣ በሰዓት 1 ሚሊሊትር። የማቱ (የተፈተለው የክር ንጣፍ) ውፍረት 250 ማይክሮሜትር አካባቢ። ለሽፋኑ 10 ሚሊሞላር ትሪስ (ፒኤችን የሚያረጋ በፈር) በፒኤች 8.5፣ ዶፓሚን ሃይድሮክሎራይድ 2 ሚሊግራም በሚሊሊትር። 50 ሚሊሊትር ቲዩብ ውስጥ 45 ሚሊሊትር ሞልቼ፣ ማቱን ደረቁን ጨምሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ሼከር ላይ አጋድሜ 24 ሰዓት።

የሚታየው ይህ ነው። ላይ ላዩ ቡናማ ሆኖ በምላጭ ሲቆረጥ መሐሉ ነጭ ነው። አንዱ ፊት ከሌላው ይበልጥ ይጠቁራል፣ የጥቁሩም ፊት በጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ተሸፍኗል። በ1.5 እጥፍ ኤስቢኤፍ ስነክረው ደግሞ በማግስቱ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ነጩ ዱቄት ከቲዩቡ ሥር ይከማቻል፣ ማቱ ላይ ግን እዚህም እዚያም ነው።

ዶፓሚኑን ወደ 4 ሚሊግራም ላሳድገው? ወይስ ወደ 48 ሰዓት ላራዝመው? ዶፓሚኑ ውድ ስለሆነ በሙከራ ብቻ መጨረስ አልፈለግሁም።


ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ዶፓሚኑን መጨመሩን ተይው። ብትጨምሪው ውስጡ እንደነጣ ይቀርና ጥቁሩ ፍሬ ይበዛል። የኬሚስትሪ ችግር አይደለም የገጠመሽ፤ ፈሳሹና ኦክስጅኑ መድረስ ያለባቸው ቦታ አልደረሱም።

መጀመሪያ ውሃው። ፒሲኤል ራሱ ውሃ አይወድም፤ በኤሌክትሮስፒኒንግ ሲፈተል ደግሞ በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ የውሃ ጠብታ ከላዩ ላይ ከ120 ዲግሪ በላይ በሆነ ማዕዘን ክብ ሆና ትቀመጣለች። ቅቤ የጠጣ ነጠላ ላይ እንደ መድፋት ነው። ደረቅ ማት ትሪስ ውስጥ ሲገባ ዶፓሚኑ የውጩን ክሮች ብቻ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ሰዓት ብታራዝሚም ውስጥ ያለው አየር በቀላሉ አይወጣም።

ስለዚህ ማቱን መጀመሪያ 70% ኢታኖል ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ንከሪው። ከዚያ 50%፣ ቀጥሎ 30%፣ ቀጥሎ ንጹሕ ትሪስ፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ያህል። ትሪሱን ሁለት ጊዜ ቀይሪው፤ የቀረ ኢታኖል የሽፋኑን አካሄድ ይለውጣል። በመሐል ለአፍታም እንዳይደርቅ፤ ከደረቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ አንድ ብሎ መጀመር ነው። ቫክዩም ዴሲኬተር ካለ ማቱ ትሪስ ውስጥ እያለ አረፋው እስኪያቆም ሳቢው፣ ልቀቂው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚው። ኢታኖል ውስጥ እያለ ግን አትሳቢው፣ ፈልቶ ይገነፍላል።

መርጠቡን የምታውቂው በዓይንሽ ነው። በደንብ የረጠበ ማት ነጭነቱን ትቶ ግራጫማና ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ ወደ ታችም ይሰምጣል፤ የፒሲኤል እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.145 ግራም ስለሆነ አየር ካልያዘ መንሳፈፍ የለበትም። ነጭ ጠቃጠቆ ከቀረ እዚያ አየር አለ ማለት ነው፤ ዶፓሚኑን ገና አታሟሚ።

ሁለተኛው ኦክስጅኑ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እርሱን ነው። ዶፓሚን ወደ ኩዊኖን ተለውጦ፣ ቀለበት ሠርቶ፣ 5፣6 ዳይሃይድሮክሲኢንዶል ሆኖ እስኪጣበቅ ድረስ በየደረጃው ኦክስጅን ይበላል። እስኪ እናስላው። 2 ሚሊግራም በሚሊሊትር ማለት 10.5 ሚሊሞላር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በ25 ዲግሪ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ኦክስጅኑም ወደ 6.6 ይወርዳል፤ ያ 0.2 ሚሊሞላር ብቻ ነው። ለመጀመሪያው እርምጃ ብቻ እንኳ ከዶፓሚንሽ ከመቶ 2 እስከ 4 የሚሆነውን ቢያዳርስ ነው።

ቀሪው ከአየር መምጣት አለበት። 45 ሚሊሊትር የሞላ ቲዩብ ላይ የቀረው 5 ሚሊሊትር አየር ሲሆን፣ በእኛ ከፍታ በውስጡ ያለው ኦክስጅን 35 ማይክሮሞል ገደማ ነው። ዶፓሚኑ 470 ማይክሮሞል። ክዳኑን ስትዘጊው ምላሹን አብረሽ ዘግተሽዋል። ውጭ አገር የተጻፈ ፕሮቶኮል እዚህ ሲደገም ቀለሙ ቀስ ብሎ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ከፍታችን ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከኛም ይብሳል።

ስለዚህ ቲዩቡን ተይውና ሰፊ ቢከር ወይም ጠፍጣፋ ሣጥን ያዥ። የፈሳሹ ጥልቀት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር፣ ላዩን አቧራ እንዳይገባ በማጣሪያ ወረቀት ሸፍኚው፣ ሼከሩ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ዙር። በአየር ፓምፕ አረፋ መንፋት ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም፤ አረፋው ማቱ ላይ ተጣብቆ ክብ ክብ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ሦስተኛው አቀማመጡ ነው። ፖሊዶፓሚን ክሩ ላይ ብቻ አይሠራም፤ ፈሳሹ ውስጥም ይጠቀለላል፣ ከከበደ ይዘቅጣል። ያ ነው አንዱን ፊት ያጠቆረው። ማቱን በቁሙ አንጠልጥይው። መብራት ሄዶ ሼከሩ ቢቆም እንኳ የተንጠለጠለ ማት ላይ ዝቃጩ አያርፍም። ማንጠልጠያው ከፕላስቲክ ወይም ከቴፍሎን ይሁን። የብረት መርፌ ወይም የወረቀት ክሊፕ አደራ፤ ከዝገቱ የሚወጣው ብረት ከካቴኮሉ (ከዶፓሚኑ አጣባቂ ክፍል) ጋር ተያይዞ ዙሪያውን ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል፣ ያንን እንደ ጥሩ ሽፋን የሚቆጥር አለ።


ጮቄ_ውርጭ (ደብረ ማርቆስ)

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ፒኤቹን ልጨምር፣ ምክንያቱም 8.5 አድርጌ ጀመርኩ ማለትና 24 ሰዓት 8.5 ሆኖ ቆየ ማለት የተለያዩ ናቸው።

የትሪስ ፒኬኤ (ግማሹ አሲድ ግማሹ ቤዝ የሚሆንበት ፒኤች) በ25 ዲግሪ 8.07 ነው። 10 ሚሊሞላር ትሪስ 8.5 ላይ ሲሆን አሲድ ሊቀበል የሚችለው ክፍል 7.3 ሚሊሞላር ያህል ነው። ከዚህ 2.3 ሚሊሞላሩ ሲያልቅ ፒኤቹ 8.07 ይደርሳል፤ 5.2 ሲያልቅ 7.5። አንቺ 10.5 ሚሊሞላር ዶፓሚን ከትተሽበታል፣ እርሱ ደግሞ ሲኦክሲዳይዝ ፕሮቶን ይለቃል። ምላሹ በሄደ ቁጥር ራሱን እያነቀ ነው የሚሄደው። በ1ኛውና በ4ኛው ሰዓት ፒኤቹን ለኪው፤ ከ8 በታች ከወረደ መድኃኒቱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማንጠባጠብ አይደለም፤ ጠብታው በወደቀበት ቦታ ፒኤቹ ዘልሎ እዚያው ፍሬ ይሠራል። ዶፓሚኑን ወደ 1 ሚሊግራም አውርደሽ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አቆይው፣ ፈሳሹን ደፍተሽ ማቱን በውሃ አለቅልቀሽ አዲስ በተሠራ ፈሳሽ ድገሚው። በጠቅላላው የፈጀሽው ዶፓሚን ያው ነው፣ ሽፋኑ ግን ይወፍራል፣ ፍሬውም ይቀንሳል። በአንድ ዙር ረጅም ሰዓት ማቆየት ገደብ አለው፤ የተመራማሪው የሜሰርስሚዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን የፖሊዶፓሚን ዘዴ ሲያወጣ በ24 ሰዓት የተገኘው ውፍረት 50 ናኖሜትር አካባቢ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ዶፓሚን አብዛኛው ወደ ዝቃጭ ነው የሚሄደው።

ስለ ሙቀት፦ የትሪስ ፒኤች በአንድ ዲግሪ ጭማሪ 0.028 ይወርዳል። እኛ ጋ ጠዋት ላብራቶሪው 15 ዲግሪ ሆኖ 8.5 ያስተካከልሽው በፈር 25 ዲግሪ ኢንኩቤተር ሲገባ 8.2 ነው። ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም ይሆናል፣ ሆኖም በፈሩን በምትጠቀሚበት ሙቀት ላይ አስተካክይው። 10 ሚሊሞላር ማለት በሊትር 1.21 ግራም ትሪስ ነው፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹን አውርደሽ ስትጨርሺ ነው ዶፓሚኑን የምትጨምሪው። ዶፓሚኑ እንደገባ ማቱም ይግባ። ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ መሄድ አለበት። ገና ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለም ካሳየ ዱቄቱ እርጥበት ገብቶበት ኦክሲዳይዝ ሆኗል፤ ክረምት ላይ ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጥቶ ሳይሞቅ መክፈት የሚያመጣው ጣጣ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ የአንቺን አይመለከትም፣ ሌላ አንባቢ ግን ይጠቀምበታል። ፒሲኤልን በፎርሚክና በአሴቲክ አሲድ የሚፈትሉ አሉ፣ ከክሎሮፎርም ይሻላል በሚል። ሁለት ነገር ይከተላል። ፎርሚክ አሲዱ ፖሊመሩን ቀስ በቀስ ይቆራርጠዋል፤ የዛሬው ፈሳሽ ለነገ ሲቀር ቀጥኖ ክሩ ዶቃ ዶቃ ይሆናል። ከማቱ በደንብ ያልወጣው አሲድ ደግሞ ትሪሱ ውስጥ ገብቶ ፒኤቹን ያወርዳል፣ ሽፋኑም ሐመር ቡና ሆኖ ይቀራል። ቢያንስ 24 ሰዓት ቫክዩም ውስጥ ማድረቅ፣ ከዚያም ከዶፓሚኑ በፊት የማቱን የመጨረሻ ትሪስ ፒኤች መለካት ነው።

ስለ ክረምት ካነሳን፣ ክሎሮፎርም ሲተን ክሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥብ አየር ውስጥ ውሃ ይጤዝበታል፣ ክሩ ላይም ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተፈተለው ማትና ጥር ላይ የተፈተለው በኤስኢኤም (ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) አንድ አይመስሉም። ቀዳዳው በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን ሽፋን ያለውንና የሌለውን ስታነጻጽሪ ሁለቱም ከአንድ ቀን ፍትል የተቆረጡ ይሁኑ።


ዳሞት_ኬም (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁም ዶፓሚን ላይ ተጣበቃችሁ። ፖሊዶፓሚን የተቀዳው ከመስል ነው፤ ማዕበል እየመታው ዓለት ላይ ተጣብቆ ከሚኖረው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ። የእግሩ ፕሮቲን በዶፓና በላይሲን የበለጸገ በመሆኑ ነው ካቴኮልና አሚንን ባንድ የያዘው ዶፓሚን የተመረጠው። ማጣበቁ ከሆነ የሚፈለገው ግን ካቴኮልና ጋሎል እጽዋትም ውስጥ ሞልቷል። ታኒክ አሲድ ከብረት ጋር ሞክሪ፤ ዋጋውም እጅግ ይረክሳል።

አሠራሩ፦ 40 ሚሊግራም በሚሊሊትር የታኒክ አሲድ ክምችትና 10 ሚሊግራም በሚሊሊትር የፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት ክምችት ለየብቻ በየቀኑ አዲስ ይሟማ። የረጠበውን ማት 49 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ አድርጊ፤ ከብረቱ 0.5 ሚሊሊትር ጨምረሽ 10 ሰከንድ በኃይል አማስይ፣ ከታኒኩም 0.5 ሚሊሊትር ጨምረሽ እንደዚያው። ወዲያው 50 ሚሊሊትር ሞፕስ በፈር፣ 20 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 7.4 ጨምሪ። ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይዞራል። ታጥቦ ይደገማል፤ አንድ ዙር 10 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ሦስት አራት ዙር በቂ ነው። ሰዓት የለም፣ የደቂቃ ሥራ ነው። ኦክስጅንም አይጠብቅም፣ ከፍታውም አያሳስብሽም።

ድክመቱን ልንገርሽ። አሲድ ውስጥ ይፈታል፤ ብረቱ ከታኒኩ ይላቀቃል። ብረት ከመጠን ካለፈ ፈሳሹ ውስጥ ጥቁር ደለል ይሆናል። ታኒክ አሲድ ፕሮቲን ስለሚያስር ሴረም ያለበት የሴል ምግብ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ የሚያጣብቀው ሴሉን ሳይሆን ሴረሙን ነው። ለማዕድን ማስያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነክሮ በደንብ ማጠብም ካርቦክሲል ያወጣል፣ ካልሲየም ይይዛል። ቀጭን ክር ግን ይበላል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ከመስሉ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ርካሽ ነው እንጂ።


ጣና_ፋይበር (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የኦክስጅኑ ስሌት ዓይኔን ገልጦልኛል። ታኒኩን እንደ ማነጻጸሪያ አስገባዋለሁ እንጂ ዋናው ፖሊዶፓሚን ሆኖ ይቆያል፣ በኋላ ፔፕታይድ ላስይዝበት ስለማስብ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኤክስፒኤስ (የገጽን ንጥረ ነገር በኤክስሬይ የሚለየው መሣሪያ) በእጃችን የለም። ሽፋኑ ውስጥ ድረስ መግባቱን በምን ላረጋግጥ? ኤፍቲአይአር (ኬሚካላዊ ትስስርን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለየውን) ሞክሬ ከፒሲኤሉ የተለየ ምንም አላየሁም። ደግሞስ የኤስቢኤፉ መደፍረስ ከሽፋኑ ነው ወይስ ከራሱ ከፈሳሹ?


ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)

ኤፍቲአይአር አያሳይሽም። 50 ናኖሜትር ሽፋን ከማይክሮሜትር ውፍረት ካለው ፒሲኤል አጠገብ ምን ይታያል? 1,720 ላይ ያለው የኤስተር ጫፍ ሁሉን ይውጠዋል።

መቁረጡን አስተካክይ። ፒሲኤል በቤት ሙቀት ለስላሳ ነው፤ መቀስም ምላጭም የውጩን ቡናማ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ወይም ቀዳዳውን አጣብቆ ይደፍነዋል። ብርጭቆማ የሚሆነው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ማቱን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረሽ እዚያው ስበሪው። ለከብት ማዳቀያ አባላዘር የሚያስቀምጡ ክፍሎች ናይትሮጅኑ አላቸው፤ በቴርሞስ መጠየቅ ነው። የተሰበረውን ፊት በተራ ማይክሮስኮፕ ብታዪው ቀለሙ እስከ የት እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለመጠን ደግሞ ማይክሮ ቢሲኤ ኪት ተጠቀሚ። ለፕሮቲን የተሠራ ነው፣ ካቴኮልም መዳብን ስለሚቀንስ ቀለም ይሰጣል። ማቱን በሦስት ንብርብር መላጥ ከቻልሽ ላዩን፣ መሐሉንና ታቹን ለየብቻ ለኪ፤ እኩል ክብደት ይዘሽ ነው ታዲያ። ፔፕታይዱን ካስያዝሽ በኋላ ግን ይኸው ኪት አይሠራልሽም፣ ሁለቱም ያቀልማሉ። ፔፕታይድ ስታስይዢ ትሪሱንም ተይው፤ ትሪስ ራሱ አሚን ስለሆነ ከፔፕታይዱ ጋር ለኩዊኖኑ ይሻማል። ቢሲን ወይም ፎስፌት በፈር ይሻላል።


ግዮን_ሴራሚክ (ባሕር ዳር)

የኤስቢኤፉን ለኔ ተዉት። መደፍረሱ ከሁለቱም ሊመጣ ስለሚችል በቀላሉ ለዪው፦ ማት ያልገባበት አንድ ጠርሙስ በ36.5 ዲግሪ አሳድሪ። እርሱም ከደፈረሰ ጥፋቱ የፈሳሹ ነው። ጠርቶ ካደረ ከማቱ የረገፈው የፖሊዶፓሚን ፍሬ ነው ማዕድኑን ወደራሱ የሳበው።

ፈሳሹን የሚያበላሹት የታወቁ ናቸው። በ1.5 እጥፉ አትጀምሪ፤ መጀመሪያ አንድ እጥፉን አጥሪ። የጃፓናዊው ተመራማሪ የኮኩቦ አሠራር ለ1 ሊትር ይህ ነው። በ700 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ፣ 36.5 ዲግሪ ላይ፣ በፕላስቲክ ቢከር ውስጥ እንዲህ በቅደም ተከተል፦ ሶዲየም ክሎራይድ 8.035 ግራም፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 0.355፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.225፣ ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ባለ ሦስት ውሃ 0.231፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ ባለ ስድስት ውሃ 0.311፣ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 39 ሚሊሊትር፣ ካልሲየም ክሎራይድ 0.292፣ ሶዲየም ሰልፌት 0.072። በመጨረሻ ትሪስ 6.118 ግራም ጥቂት በጥቂት፤ ቀሪውን በዚያው አሲድ 7.40 ላይ አድርሰሽ 1 ሊትር ሙዪው። አንዱ ሳይሟሟ ሌላውን አትጨምሪ። አሲዱ ከካልሲየሙ በፊት የሚገባው በምክንያት ነው፤ ተገላብጦ ሲገባ ካልሲየምና ፎስፌቱ ወዲያው ይያያዛሉ። ትሪሱን ስትጨምሪም ፒኤቹ ለቅጽበት 7.45 ካለፈ ያ ፈሳሽ ጠርቶ ቢታይም ውስጡ ዘር ይዟል፣ ማታ ይደፈርሳል። ይደፋ።

የዱቄቱን ጠርሙስ ጀርባ አንብቢ። 0.292 ግራሙ ውሃ ለሌለው ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ውሃ ስለሆነ 0.387 ግራም ያስፈልጋል። ፎስፌቱ በተቃራኒው ውሃ የሌለው ከሆነ 0.176 ይበቃል። ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር ውሃ ስለሚጠጣ በክረምት ሚዛን ላይ እያለ ይከብዳል፤ የረጠበውን ዱቄት መዝኖ 2.5 ሚሊሞላር አገኘሁ ማለት አይቻልም። ጨውም ከሱቅ የሚገዛው አይሆንም፣ አዮዲን ገብቶበታል።

የብርጭቆ ዕቃ ተይ፤ የተጫረ ብርጭቆ ላይ ማዕድኑ ቀድሞ ይበቅላል። ፈሳሹን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አስቀምጠሽ በ30 ቀን ውስጥ ጨርሺው።

ስለ መጠን፦ ለጠጣር ናሙና ሕጉ የገጹን ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ለ10 አካፍሎ ያንን ያህል ሚሊሊትር መውሰድ ነው። 10 በ10 ሚሊሜትር ቁራጭ ሁለቱ ፊቱ 200 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ 20 ሚሊሊትር። ፋይበር ግን በውስጡ ያለው ገጽ ከዚህ እጅግ ይሰፋል፤ ስለዚህ መጠኑን ጨምሪ፣ ፈሳሹንም በየ24 ወይም በየ48 ሰዓቱ ለውጪ። ካልለወጥሽ ካልሲየሙ ያልቅና ማዕድኑ በላይኛው ክር ብቻ ይቆማል፤ ያው የውጩና የውስጡ ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ከኤስቢኤፍ በፊት ማቱን በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ፣ 10፣ 10 ደቂቃ ሼከር ላይ እጠቢ፣ ከዚያ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ውሃው ቀለም ካለው ገና ይረግፋል። አልትራሶኒክ ገንዳ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይረዳል፣ ቀጭን ማት ግን ይቀድዳል። ለማድረቅ 60 ዲግሪ ኦቨን እንዳትከቺው፤ ያ የፒሲኤል መቅለጫ ነው።

ያስያዝሽው ማዕድን ካልሲየም ለፎስፎረስ ያለው ንጽጽር 1.67 ካልሆነ አትደንግጪ፤ ከኤስቢኤፍ የሚወጣው አጥንት መሰል አፓታይት (የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን) ካልሲየም ስለሚጎድለው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሶዲየምና ክሎሪን በብዛት ከታየ ግን ማዕድን አይደለም፣ ያልታጠበ ጨው ደርቆበት ነው።


ጮቄ_ውርጭ (ደብረ ማርቆስ)

ወደ ሴል ከመግባትሽ በፊት፣ ይህ ጽሑፍ ሲታተም ገምጋሚ የሚጠይቅሽን ልጠቁም።

ማምከኛው። ፒሲኤል ኦቶክሌቭ አይገባም፣ ይቀልጣል። 70% ኢታኖል 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በማይክሮብ አልባ ፒቢኤስ (የፎስፌት ጨው በፈር) ደጋግሞ ማጠብ። ዩቪን ብቻውን አትመኚው፤ ፖሊዶፓሚን እንደ ሜላኒን ዩቪውን ስለሚውጠው የውስጥ ክሮች ጥላ ውስጥ ናቸው። ፐርአሴቲክ አሲድ ደግሞ ሽፋኑን ራሱን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል።

ኤምቲቲው፣ ማለትም ሕያው ሴል ቀለሙን ቀንሶ (ሪዱስ አድርጎ) በሚያሳየው ቀለም የሚለካበት ፍተሻ። ፖሊዶፓሚንም ራሱ ይህን ቀለም ይቀንሳል፣ ጥቁርም ነው። ሴል ያልገባበት የተሸፈነ ማት ላይ ኤምቲቲ ጨምረሽ የሚመጣውን ቁጥር ካልቀነስሽ ሽፋኑ ሴል ያባዛ ይመስላል። ዲኤንኤ መለካት ከዚህ ይሻላል። ፍሎረሰንት ቀለም ብትጠቀሚም ጥቁሩ ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ የተሸፈነውንና ያልተሸፈነውን በብርሃን ድምቀት አታወዳድሪ፤ የሴሉን ቁጥር ቁጠሪ። አሊዛሪን ሬድ (ካልሲየምን የሚያቀላው ቀለም) ደግሞ ከኤስቢኤፍ የመጣውን ካልሲየም ከሴሉ ሥራ አይለይም፤ ያው ቀናት የሴል ምግብ ውስጥ የቆየ ሴል አልባ ማት ከጎኑ መቀመጥ አለበት።


ጣና_ፋይበር (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ ብቻ፦ 250 ማይክሮሜትሩን ማት እንዳለ ልሸፍነው ወይስ አቅጥኜ ልፈትለው?


ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)

አቅጥነሽ ፍተይው፤ ከ80 እስከ 100 ማይክሮሜትር። ክሩ ከ1 ማይክሮሜትር ብዙም ያልወፈረ ማት ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ፍሬው መግቢያው ላይ ይይዛል፤ ከሁለቱም ፊት የሚገባው ፈሳሽ መሐል እስኪደርስ ኦክስጅኑ ተበልቷል። ቀጭኑን ሸፍነሽ፣ አጥበሽ፣ ገና እርጥብ እያለ ሦስቱን መደራረብ ትችያለሽ። ውፍረቱን የግድ በአንድ ማት ካስፈለገሽ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የፒሲኤል ፐርሰንት ወይም የፍሰቱን ፍጥነት ከፍ አድርጊና ክሩን አወፍሪው፤ ክር ሲወፍር ቀዳዳውም ይሰፋል። ለመጀመሪያው ሙከራ 2 በ2 ሴንቲሜትር ቁራጭና 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ፈሳሽ 40 ሚሊሊትር ይበቃል፤ ለአንድ ዙር 40 ሚሊግራም ዶፓሚን ነው። አንዱን ደረቁን፣ አንዱን በኢታኖል ያረጠብሽውን በአንድ ቢከር አንጠልጥለሽ አወዳድሪያቸው።